የማይበረው እንጨት

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሴንት ፖል ስነሳ መኪናዬ የያዘችው ጓዝ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ነበር፦ ግማሽ ድፎ ዳቦ፣ ቡና የሞላ ፔርሙስ፣ አንድ ቱንቢ፣ አንድ ስኳድራ፣ ስድስት ትንንሽ ሞርሳ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ቤት ልትሠራ ነው እንዴ?» አለችኝ። አውሮፕላን ልሠራ ነው ማለት አሳፈረኝና «አንድ ሽማግሌ እንጨት ላግዛቸው ነው» ብያት ወጣሁ። ውሸት አልነበረም። የዚያን ቀንም፣ የሚቀጥለውን ቅዳሜም፣ ከዚያ የቀጠለውንም የሠራሁት ነገር አውሮፕላኑ ላይ አልገባም።

52 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ይወስዳል። ጥቅምት አጋማሽ ነበርና በቆሎው ደርቆ ግማሹ ታጭዷል፤ በጨለማው ውስጥ መብራታቸውን አብርተው የሚያጭዱት ኮምባይነሮች ከሩቅ ሲታዩ ባሕር ላይ የቆሙ መርከቦች ይመስላሉ። ሮቸስተርን ሳልፍ ነጋ። ይህችን ከተማ ብዙ ሐበሻ የሚያውቃት በማዮ ክሊኒክ ነው፤ እኔም ከዚያ በፊት የሄድኩባት የታመመ ልጠይቅ ብቻ ነበር። ከሮቸስተር ወዲያ መንገዱ እየጠበበ ፊልሞር ካውንቲ ይገባል። አንድ ኩርባ ላይ ከፊቴ ጥቁር የፈረስ ጋሪ ብቅ አለ። መኪናንና የመስመር ኤሌክትሪክን በእምነታቸው ምክንያት የተዉት አሚሾች በዚህ አካባቢ ይኖራሉ። ፍጥነቴን ቀንሼ ከኋላ ስከተል ቢሾፍቱ ትዝ አለችኝ። ያደግኩባት ቢሾፍቱ ከታች ሰው በጋሪ የሚመላለስባት፣ ከላይ ከሐረር ሜዳ የተነሱ የአየር ኃይል ጄቶች የሚያጓሩባት ከተማ ነበረች። ፈረሶቹ ድምፁን ለምደውት ጆሯቸውን እንኳ አያነቁም ነበር። አንጋጥጬ የምቀረው እኔ ነበርኩ።

ቼሪ ግሮቭ ከአይዋ ድንበር ቅርብ ያለች፣ ሐሳብ ይዞህ ከሆነ ሳታውቃት የምታልፋት መንደር ናት። ሆኖም ቤቱ ውስጥ አውሮፕላን የሚሠራ አሜሪካዊ ስሟን ያውቃል። በርናርድ ፒተንፖል የሚባል፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ መካኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ኤር ካምፐር የተባለችውን አውሮፕላን የሠራው እዚህ ነው። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ አካሏ እንጨት፣ ልብሷ ሸራ ነው፤ ክንፏ ከተሳፋሪው ራስ በላይ እንደ ዳስ ተዘርግቷል። በዓመቱ 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን የፎርድ ሞዴል ኤ የመኪና ሞተር ገጠመላት። በጊዜው የአውሮፕላን ሞተር ዋጋ ለገበሬ የሚቀመስ አልነበረም፤ የወደቀ ፎርድ ግን በየጓሮው ነበር። የአንድ ቴክኒክ መጽሔት አዘጋጅ የመኪና ሞተር ለበረራ አይሆንም ማለቱን ሲሰማ፣ ፒተንፖል ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1930 ከጓደኛው ጋር በሁለት አውሮፕላን ሚኒያፖሊስ አጠገብ ድረስ በርሮ ሄደ። አዘጋጁ አሳቡን ለወጠ፤ ንድፉም እ.ኤ.አ. በ1932 ታትሞ ወጣ። ፒተንፖል በኋላ ቴሌቪዥን እየጠገነ እዚያው መንደር ኖረ። ከሃንጋሮቹ አንዱ ዛሬ ተነቅሎ ኦሽኮሽ፣ ዊስኮንሲን፣ ሙዚየም አጠገብ ቆሟል።

እኔን ወደዚህ ያመጡኝ ሽማግሌ ከመንደሯ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብለው ይኖራሉ። የምተዳደረው ሴንት ፖል ውስጥ የኩሽና ቁምሳጥን በሚሠራ ወርክሾፕ ተቀጥሬ ነው፤ እሳቸው ስፕሩስ የሚባለውን ቀላል እንጨት ሊያሰነጥቁ መጥተው ተዋወቅን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያልቡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ላሞቹን ሸጡ፤ በረቱን ግን አልሸጡም። የግርግሙ ቦታ አሁን የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ሽታው ግን ዛሬም ስለ ላም ያወራል። ቡናዬን ቀምሰው «ይህ መድኃኒት ነው» አሉኝና ሁለተኛ ቀዱ። ከዚያ ዘይት የጠጣ ጣታቸውን ወደ ባዶው ጠረጴዛ ቀስረው «መጀመሪያ ጂግ» አሉ።

ጂግን እኛ ፎርማ ብንለው ያስኬዳል። የክንፍ አጥንት ልትሠራ ስትል ቀጫጭን ዘንጎችን እያጎበጥክ በኮላ ታያይዛለህ። እጅህ ግን እንደ ቀኑ ነው፤ ጠዋት የሠራኸው ከሰዓት በኋላ ከሠራኸው አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ የአጥንቱን ሥዕል በቁመናው ልክ ታወጣና፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ትቸነክራለህ። በሁለቱ ረድፍ መካከል የሚቀረው ክፍተት የዘንጉ ውፍረት ነው። ዘንጉ እዚያ ይገባል፤ እንዲህ ሁን ሲባል እንዲህ ይሆናል። ኮላው እስኪደርቅ ያድራል፤ በማግስቱ አጥንቱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ለአንዲት ኤር ካምፐር ሠላሳ ግድም አጥንት ያስፈልጋል፤ ሁሉም ከአንድ ሳንቃ ይወለዳሉ።

ይህን ሲያስረዱኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ሌላ ሰው ነበር። ተማሪ ሳለሁ በክረምት ቀን ሠራተኛ ሆኜ ከአንድ የካሳፎርማ አናጺ ሥር እሠራ ነበር፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። ለአንድ የሕንፃ ምሰሶ ሳንቃ አቁመው፣ በሽቦ ጠፍረው፣ ቱንቢ አንጠልጥለው ግማሽ ቀን ይዞሩታል። አንድ ቀን ፀሐዩ መሮኝ «ጋሼ፣ ነገ ለሚፈርስ እንጨት ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ሲሚንቶ ዓይን የለውም፤ የሚያየው በእንጨቱ ነው» አሉኝ። በሳምንቱ እንጨቱ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ሄደ፤ ከዚያም ለማገዶ። ምሰሶው ዛሬም ቆሟል። ከሥሩ የሚያልፍ ሰው ስለዚያ ሳንቃ የሚያስበው አንዳች ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ፎርማ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው በቁመናው ልክ የታተመ የአጥንት ሥዕል ነበራቸው፤ ረጅም ወረቀት፣ ተጠቅልሎ የከረመ። «ኮምፔንሳቶው ላይ ለጥፈው፤ እኔ ከብት የሚሸጥ ጎረቤት ጋ ደርሼ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ነጭ የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥኜ በብሩሽ ቀባሁ፣ ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ በጨርቅ እየዳበስኩ አረፋውን አስወጣሁ። አንድ ሽብሽባት የለውም። በሥራዬ ኮርቼ ቁራጮቹን መቸንከር ጀመርኩ፤ ሲመለሱ ከግማሽ በላይ ቸንክሬያለሁ። ምንም ሳይናገሩ ሜትራቸውን ከቀበቷቸው መዘዙ። የክንፉ ስፋት ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ 60 ኢንች መሆን አለበት፤ በእኛ ልኬት 152 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር። የእኔ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ እኔ ደግሞ እየዳበስኩ አስተኝቼ አስለጥጬዋለሁ። ከከረመ ወረቀት ላይ ሳይለኩ መነሳት በራሱ አደጋ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ብቻ ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል።

ቁምሳጥን ሠሪ ነኝና መከራከሪያ አላጣሁም። «ሁሉም አጥንት ከዚህ ከወጣ ሁሉም እኩል ይረዝማል። እኩል ከሆኑ ምን ችግር አለው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ግማሹ እውነት ነው» አሉ፤ ቀጥሎ የነገሩኝን ካየሁት የፎርማ ሥራ ሁሉ ጋር ዛሬም አመሳክረዋለሁ። አውሮፕላን የሚጠላው ስህተትን ሳይሆን ልዩነትን ነው። ግራው ክንፍ ከቀኙ በጥቂት ቢጣመም፣ አንዱ የበለጠ አየር ይሸከማል፤ አውሮፕላኗ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። አብራሪው መሪውን ወደ ሌላው ጎን ገፍቶ እንደያዘ፣ ክንዱ እየዛለ፣ ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ቢኖራቸው ግን ቀጥ ብላ ትበራለች፤ ምናልባት ትንሽ ትዘገያለች። ፎርማ ከዚህ ያድናል፤ ስህተቱን ባያስቀረውም ለሁሉም እኩል ያካፍለዋል።

ግማሹ እውነት ያሉት ይህን ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ክንፍ ብቻውን አይበርም። በአጥንቶቹ ሆድ ውስጥ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በእነዚህ ላይ የሚታሰሩት ብረቶች ከአውሮፕላኗ ገላ ከሚነሱት ደጋፊ ዘንጎች ጋር መገናኘት አለባቸው። ሥዕሉ ከተለጠጠ የአግዳሚዎቹም ርቀት አብሮ ይለጠጣል። «አጥንቶችህ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ከቀሪው አውሮፕላን ጋር ግን ይጣላሉ» አሉኝ። ሳንቃውን ገልብጠው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። በረቱ ውስጥ ውርጭ እንዳይገባ የዶሮዎቹን ቀዳዳ እስከ ፀደይ የደፈነው እሱ ነው።

ሁለተኛውን ፎርማ ያለ ወረቀት ሠራን። አንድ ቀጥ ያለ መስመር በተወጠረ ሲባጎ አሠመርን፤ ከዚያ መስመር ተነስተን ከፍታውን በየነጥቡ በቁጥር ለካን፣ ነጥቡ ላይ ቀጭን ምስማር ተከልን። ምስማሮቹን ተደግፎ የሚጎብጥ አንድ ቀጭን ዘንግ አስተኛን። እንጨት ሲጎብጥ ወደ ጠማማ መስመር በቀላሉ አይሄድም፤ አንዱ ነጥብ ተሳስቶ ከሆነ ዘንጉ እዚያ ጋ ሆዱን ይነፋል ወይም አልነካም ይላል። ዓይናችንን ከሳንቃው እኩል ዝቅ አድርገን በጫፍ በኩል አየነው። ሁለት ምስማር ነቅለን መልሰን ለካን። ያን ቀን ከዚህ ሌላ የሠራነው የለም፤ ለሦስተኛው ቅዳሜ ቁራጮቹን መቸንከር ቀረ።

ቁራጮቹ ተቸንክረው ሲያበቁ፣ ኮላው ሳንቃውን ጭምር እንዳይዝ መጋጠሚያው ሁሉ ሥር የማሸጊያ ፕላስተር ለጠፍን። በየመጋጠሚያው ሥር ደግሞ አንዳንድ ቀዳዳ በትራፓኖ በሳን። ቀዳዳው የገባኝ በማግስቱ ነው፦ የደረቀው አጥንት በቁራጮቹ መካከል ጥርቅም ብሎ ሲይዝ ከሥር በዱላ ጫፍ ገፋ ገፋ ታደርገዋለህ፤ ካልሆነ ስትጎትት ይሰበራል። የገና ኬክ ከቅርጽ ማውጫው ሳይፈርስ የማውጣት ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ክረምቱን ሙሉ እሳቸው በየማታው፣ እኔ በየቅዳሜው አንድ አንድ አጥንት እያልን ሠራን። የላይኛው ዘንግ አፍንጫው ጋ አጥብቆ ስለሚጎብጥ ጫፉን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረን እናቆየዋለን። ከዚያ በቀስታ ወደ ክፍተቱ፤ ከቸኮልክ ቀጭ ይላል፣ ድምፁ ሆድ ይበላል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ከቀጭን ኮምፔንሳቶ የተቆረጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ጠጋኞች በኮላ ይለጠፋሉ። ኮላ በተበጠበጠ ቁጥር ደግሞ ሁለት ትራፊ እንጨት ተጣብቆ ቀንና ሰዓቱ ይጻፍበታል፤ ሲደርቅ በመዶሻ ይሰበራል። እንጨቱ ተሰንጥቆ ኮላው ከቀረ ደግ፤ ኮላው ለቅቆ እንጨቱ ደህና ከሆነ በዚያ ኮላ የተሠራው አጥንት ሁሉ ይጣላል። የካቲት ላይ፣ ምድጃው ጠፍቶ ያደረ ሌሊት፣ አንድ ጊዜ ጣልን። ውጭ በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሶ ነበር።

በአንዱ ቅዳሜ የአስመላሽ ዘፈሩን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። አገር ቤት የራሱን አውሮፕላን ከእንጨት የሠራው፣ የቮልስዋገን ቢትል ሞተር የገጠመላት፣ ኬ-570ኤ ያላት ሰው ነው፤ 570ው የሠራበት የቀን ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሊነሳ ሲል የፕሮፔለሩ መያዣ እንደተሰበረበትም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ሞተሩን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ ፎቶውን አስፍተው ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። «ብቻውን?» አሉ። ሠራተኞች ያግዙት እንደነበር እንጂ መምህር እንዳልነበረው ስነግራቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ሁላችንም የምናደንቀው የቆመችውን አውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» በ2024 ከኢጣልያ ስትመለስም ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳው እሷን ነው፤ አጥንቷ የተኛበትን ሳንቃ ማን ይጠይቃል?

መጋቢት ላይ አጥንቶቹ አለቁ። ሁለቱን አግዳሚዎች ካቫሌቶ ላይ አስተኝተን አጥንቶቹን እንደ ጨሌ አንድ በአንድ ሰካናቸው። እዚህ ላይ ካቫሌቶው ራሱ ፎርማ ይሆናል፤ እሱ ከተጣመመ ክንፉም ተጣሞ ይደርቃል። ሽማግሌው የሌዘር መለኪያ አውጥተው ባትሪው አልቆ አገኙት። እኔ አጋጣሚውን ለቀቅኩት እንዴ? የወተት ማስተላለፊያ የነበረ ግልጽ ጎማ ከግድግዳው አውርጄ ውኃ ሞላሁት፤ አየሩን አስወጥቼ አንዱን ጫፍ ለእሳቸው ሰጠሁ፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ። ከቢሾፍቱ ጀምሮ የማውቀው ውኃ ልክ ይኸው ነው። ውኃው ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ ረጋ። የእኔ ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ከካቫሌቶው እግር ሥር ቀጭን ስንጣሪ አስገባን። ከዚያ ማዕዘን ለማዕዘን ለካን፦ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ፣ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ። ሁለቱ ካልተካከሉ ክንፉ ዘምሟል ማለት ነው፤ በውስጡ መስቀል ለመስቀል የተወጠሩትን ሽቦዎች እያጠበቁና እያላሉ ማስተካከል ነው። የቤት መሠረት የቀየሰ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጋሼም በሲባጎ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ሐምሌ ላይ ብሮድሄድ ሄድን። በዊስኮንሲን ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከታላቁ የኦሽኮሽ የአውሮፕላን ትርዒት በፊት ባለው ቅዳሜና እሁድ የኤር ካምፐር ሰዎች በሣር መንደርደሪያዋ ላይ ይሰበሰባሉ። ሚሲሲፒን ላ ክሮስ ላይ ተሻግረን፣ ኮረብታ ለኮረብታ ስንሄድ ዋልን። ፎርማው ከኋላ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ክንፋችን ገና ሸራ አልለበሰም፤ ሳንቃው ግን ሥራውን ጨርሷልና ሽማግሌው ሌላ ሰው ይፈልገዋል ብለው አስጫኑኝ። ማምሻውን አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። የመኪናው ራዲያተር ከሞተሩ በላይ፣ ከፊት ተቀማጩ አፍንጫ ሥር ቀጥ ብሎ ስለቆመ አብራሪው አንገቱን ወደ ጎን አውጥቶ ነው የሚያርፈው፤ ልክ ከታክሲ መስኮት ብቅ ብሎ እንደሚጣራ ረዳት። በየገላቸው ላይ የሙከራ አውሮፕላን መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ ሕጉ ያስገድዳል። ከሥሩ የቆሙት ሰዎች ግን ያወሩ የነበረው ስለ ኮላ ነው።

ከአይዋ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ፎርማው እንደሚሰጥ ሰምተው መጡ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው እንደ ልጄ ዳስሼው ነበር፤ ሠላሳ አጥንት የወለደ ሳንቃ ነው፣ ቁራጮቹ በኮላ ጠብታ ቢጫ ሆነዋል። ባልየው «ግሩም ነው!» አለና ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ሚስትየው ክንዱን ያዘች። ከኪሷ ሜትር አወጣች። ደሜ ትንሽ ፈላ፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ ምስማር። ሽማግሌውን ዞር ብዬ ሳያቸው ሳቃቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነዋል።

ሜትሩ ነፋስ ላይ እየተንቀጠቀጠ አልቆም አላት። ሄጄ ተንበረከክሁና ጫፉን ከአፍንጫው መስመር ላይ ያዝኩላት። ወደ ጭራው አፈገፈገች፣ ወጠረችው፣ ጎንበስ አለች።

«ስልሳ» አለች።

«እንደገና ለኪው» አልኳት።